ሦስት ሰዓት ተነስቶ ሦስት ሰዓት የሚደርስ

ከተንደር ቤይ እስከ ሱ ሉካውት
ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ቀጥ ብለው ከበረሩት።
በመኪና የሄደበት ግን ይህን ቁጥር አያምንም፤
መንገዱ ሐይቅ ባየ ቁጥር ይዞራል እንጂ አይደፍርም።

የእኔ ሥራ ሚዛን ነው። ሻንጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤
አውሮፕላኗ ትንሽ ናትና ሰውንም እመዝናለሁ።
ካፖርት አላስወልቅም፣ ዕድሜ አልጠይቅም፣
ቁጥሩን ጮክ ብዬ አላነብም።

መነሻ፦ ሦስት ሰዓት።
መድረሻ፦ ሦስት ሰዓት።
ወረቀቱ እንኳ ዘጠኝ ይለዋል፤ እኔ ቀን የምቆጥረው ከንጋት ነው፣
አለቃዬ ይስቅብኛል፤ ለእኔ ግን የሚያስቀው የሱ ነው።

ስህተት ነው ወይ ይሉኛል። አይደለም።
አንድ ሰዓት ይበራሉ፤ እዚያ ማዶ ሰዓቱ በአንድ ይዘገያል፣
አየሩ የበላውን መስመሩ ይመልሳል።
ሲሄዱ በነጻ ነው። ሲመለሱ እጥፍ ይከፍላሉ፤
ሦስት ላይ የተነሱ አምስት ላይ ይገባሉ።

ወይዘሮ ኤድና ቢርዲን የመዘንኳቸው ማክሰኞ ነው፣ በጥር።
«ኢላይጃ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጥርሱን ቤት ረስቶ መጣ።
ሾርባ ሰለቸኝ ይላል። ሐሙስ እመለሳለሁ ይዤ፤
ያለ ጥርስ መሳቅ ያፍራል፣ ሞኝ!»
ስለ ሰዓቱ ነገርኳቸው።
«ታዲያ ስደርስ ገና አልተነሳሁም ማለት ነዋ!»
ሚዛኑ ላይ ቆመው ሲስቁ ቁጥሩ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤
ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ…
እስኪረጋ ጠበቅኩ።

የቀረውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው።

ሱ ሉካውት ወረዱ። ቦት ጫማቸውን ከበረዶ ሲያራግፉ
«ስልክ ይፈለጋሉ» ተባሉ።
ነርሷ ናት፣ ከተንደር ቤይ።
«ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ዐረፉ» አለች፣ ቀስ ብላ።
ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።
ሦስት ከአምስት።

አላለቀሱም። ስልኩን መለሱ፣
ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣
«አሥራ አምስት ደቂቃ አለው» አሉ፤
ለማንም አይደለም።

በቋንቋቸው አወሩት።
ጥርሱ ያለበት ብርጭቆ የት እንደተቀመጠ፣
የሬድዮው ባትሪ ማለቁን፣
ደግሞ ያንን የጀልባ ሞተር፣ ሳያማክራቸው የሸጠውን፣
ስንት ዓመት የተኳረፉበትን፣
ተወው አሉት።
አንዲት ልጅ መጥታ «ቦታው ባዶ ነው?» ስትል
«ሰው አለበት» አሉ።
አሥራ ስድስት። አሥራ ስምንት።
ረጅሟ ዘንግ አራት ቁጥር ላይ ስትደርስ
ተነሱ፤ ለልጅቷ ቦታውን ለቀቁላት።

ሐሙስ፣ እንዳሉት፣ ተመለሱ፤
ሁለቱን ሰዓት ከፍለው፣
ጥርሱን በመሀረብ ጠቅልለው።

ዓርብ ጠዋት እሱን መዘንኩት፣ ከነሳጥኑ።
ደንብ ነው። ቁጥሩን አላነበብኩም፤
እጄ ግን ጻፈው።
መነሻ፦ ሦስት። መድረሻ፦ ሦስት።
ቀጥሎ እሳቸው ሚዛኑ ላይ ወጡ።
ስልሳ አንድ።
ቁጥሩ አንዴ ቆመ፣ አልተነቃነቀም።

«ዛሬም በነጻ ነው?» አሉኝ።
«በነጻ ነው» አልኳቸው፤
«ሁለታችሁም።»