ደረቅ አግዳሚ

ከተቀመጥኩበት በተነሳሁ ቁጥር
ዞር ብዬ አያለሁ፣ ስፍራውን በምስጢር፤
በነጠላዬ ጫፍ ቶሎ አድርጌ ዳበስ፣
ሰው ዓይኑን ሳይጥል፣ ጎረቤት ሳይደርስ።
የለም። ደረቅ ነው።
ወንዝ ሆኜ ሄጄ ባሕር ዳር ገደቡኝ፣
በቀጭን ክር ሰፍተው ለአገሬ መለሱኝ፤
አራት ዓመት ሆነ።
እጄ ግን አልሰማም፤ እጄ ሐኪም አያምንም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው ምጡ የጀመረኝ፤
አሥራ ስድስት ዓመቴ። ማክሰኞም መሸብኝ።
ከሴቶቹ ግማሽ ማርያምን ሲጣሩ፣
ግማሹ ፋጡማን፣ አንዳቸው ሳይቀሩ፣
ቤቱ በስም ሞላ፤ መንገድ ግን አልነበር፤
ስምንት ሰው በቃሬዛ፣ ሐሙስ፣ ዳገቱ ሥር
አወረዱኝ።
እዚያው፣ ድንጋይ ላይ፣ ልጁ ወጣ፤ ዝም አለ።
ወንድ ነበር። ጸጉራም።
«ተገላገለች» አሉ።
ከምን?

በሦስተኛው ሌሊት አጎዛው ራሰና
ጣራው ያፈሰሰ መስሎኝ አልኩኝ ቀና፤
በክዳኑ ሽንቁር ኮከብ ቁልጭ ብሏል፤
ደመና ብሎ ነገር የለም። ከእኔ ይፈሳል።

ያን ዓመት ለጋምቦ የበልግ ዝናብ ቀረ፤
ገብሱ ከአፈሩ ሳይወጣ አረረ፤
ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ ሳይቀር ወጥቶ
ሰማይን ለመነ፣ መዳፉን ዘርግቶ፤
እኔ ከጓሮ ጎጆ፣ ከሰው ተለይቼ፣
የለመኑት ሁሉ በእኔ ላይ ወርዶ፣ ርሼ ተኝቼ
ሳቅሁ።
አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ሳቅሁ።

አበጋዝ አልሰደበኝም። ክፉ ሰው አልነበረም።
ባናውን ተከናንቦ እናቱ ቤት ሄደ፤ አልተመለሰም።
ያልጠጣ አይፈስም ብዬ ጥምን ተለማመድኩ፤
ያልጠጣሁት ውኃ ጎኔ ላይ ጠጠር ሆኖ፣ ጎበጥኩ።
ሱፍ ፈትዬ፣ ባና አሠርቼ፣ ገበያ ባወጣው
ገዢው በእጁ ሳይሆን በአፍንጫው መዘነው፤
አጥፎ መለሰልኝ፣ ጣቱን በልብሱ አብሶ።
ሰባት ዓመት እንዲህ።
ግራ እግሬ ዛሬም ከኋላዬ ይጎተታል፤
እሱን የሚሰፋው ክር ገና ይፈተላል።

አሁን ታናሼ ናት። ሰዓዳ። ወሯ ገብቷል።
የባሏ እናት «እኛስ ከምድጃው ዳር ወልደናል፣
ምን ሆንን?» አሉ።
ምንም አልሆኑም።
በሰላም የወለደ ነው ወጉን የሚነግር፤
የሞተችው ዝም ናት፣ እኔም ዝም ብዬ ነበር።
ያን ማታ ግን አወራሁ። የአጎዛውን፣ የጠጠሩን፣
የሽታውን ስም ሳይቀር። ሴትዮዋ አቀረቀሩ፣ ይነካካሉ መቁጠሪያውን።
በነጋው እሷን ከፊት፣ እኔ እግሬን እየጎተትኩ፣
አቀስታ፣ እናቶች ማቆያ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ወረድኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን፣ ምስር እየለቀምን፣
ለልጁ ስም እያወጣን፣ ያወጣነውን እየጣልን።
ዛሬ ሌሊት ወሰዷት።
ደጅ ላይ የብረት አግዳሚ አለ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።
ዘበኛው ጋቢውን ሊያነጥፍልኝ ሲል «ተው፣ ይበላሻል»
አልኩት።
«ምን ሆኖ?» አለኝ።
ምን ብዬ ላስረዳው? ተቀመጥኩበት።

ጎህ ሊቀድ ሲል ጩኸት መጣ፣
የሰዓዳ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ የተቆጣ።
«የሰዓዳ ሰው!» አሉ። ብድግ ብዬ ሮጥኩኝ፤
የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ትዝ አለኝ።
ልጁ እያለቀሰ፣ ነርሷ እየጠራችኝ፣
ተመለስኩ።
ጋቢውን በመዳፌ፣ ከዳር እዳር ዳበስኩ።
ደረቅ ነው።
ገባሁ።