ምርቃት

ብርዱን አንኮበር ላይ ከነጭጋጉ ትቼ፣
ጋቢዬን ጠቅልዬ በትከሻ አንግቼ፣
በጠጠሩ ቁልቁል ጉልበቴን ለምኜ፣
አልዩ አምባ ገባሁ፣ ግማሽ አቧራ ሆኜ።

ኪሴ ውስጥ ወረቀት፣ የሚስቴ እጅ ጽሕፈት፤
እርድ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ከዛላው በርበሬ ደረቅ ደረቁን ምረጥበት፤
«እንዳያታልሉህ!» ከሥሩ ሁለቴ ያሰመረችበት።

አርብ ነው።
ግመል ተንበርክኮ፣ አህያ ተሰልፎ፣
አይሱዙም በመሃል፣ ማንም ሳይሰማው በጡሩምባ ለፍልፎ፣
ደገኛው ባቄላ በአቅማዳ ይዞ፣
ቆለኛው ፓፓያ፣ ገለባ ጎዝጉዞ፣
በአማርኛ ቢጠይቅ በአርጎብኛ መልሶ፣
የአፋሩም የጨው ዋጋ በኦሮምኛ ሳቅ እኩል ተቆርሶ።
ያልገባኝ ነገር የለም፤ ጣት ነው የሚናገረው፦
ሁለት ጣት ሃያ ነው፤ የታጠፈው አውራ ጣት «ሂድ ወዲያ» ማለት ነው።

«ቅመስ!» አለችና ዘነበወርቅ፣ የመዘዞዋ፣
ቅቤ ቀባችልኝ የእጄ ጀርባ ላይ በቀንድ ማንኪያዋ።
«ቅመስ!» አለኝ ሌላው፣ ሸንኮራ ሰንጥቆ፣
የማሽላው ቆሎ ገና ጉንጬ ሥር ተጣብቆ፤
የዝንጅብል ቅርፊት፣ የማር ሰፈፍ ስባሪ፣
ምላሴ ሆነና እንደ ድሮ ኬላ ቀረጥ ቆጣሪ፣
ጠገብሁ ሳልገዛ።
አፈርሁም። ወረቀቱ «እንዳያታልሉህ» ይላል፤
ገበያውንስ ከእኔ ማን ይጠብቀዋል?

ሙሚና ከጥላው ጥግ፣ እግሯን ዘርግታ አለች፤
እርዷን እንደ ጉልላት አሹላ ከምራለች።
ሚዛኗ ያዘነብላል፤ ባንድ ወገን ገመዱ በጨርቅ የተቀጠለ፣
ከመመዘኛዎቿ መሃል አንድ ነጭ ድንጋይ አለ፣
ወገቡ እንደ አሮጌ ሳሙና የጎደለ።

«ይኼስ ስንት ኪሎ ነው?»
«አሞሌ ነው ልጄ፤ ከአያቴ የተረፈ።
ገንዘብ ነበር እኮ! ማር ይገዛል፣ በቅሎ፤
የቸገረው ደግሞ ጠርዙን ይልሰዋል፣ ሀብቱን በምላሱ አቅልሎ።
አያቴ ስስታም ነው፤ ከምሰሶው ሥር ቀብሮት ያድር ነበር።
አባቴ ግን ልጅ ነው፤ ሌሊት ይነሳ ነበር።»

መቶ ብር አወጣሁ።
«የእኛ ገንዘብ እንኳ ጣዕምም የለው» አልኳት።
«ልሰህ አይተኸዋል?»
ጎረቤቶቿ ሳቁ፤ አንዲቷ ወንፊቷ አመለጣት።

እርዱን በአንዱ ወገን፣ አሞሌውን በአንዱ አስቀመጠች፤
ገመዱ ተንጫጫ፤ «ሞላ» ብላ አየች።
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ የሚስቴ መስመሮች፦
«ጎዶሎ ነው እኮ! ድንጋዩ ተልሷል።»
አልተቆጣችም።
እጇን ከክምሩ እስከ አንጓዋ ከታ፣
አንድ እፍኝ ጨመረች፦ «ይኼ አባቴ የላሰው።»
ሌላ እፍኝ፦ «ይኼ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ነፍስ ይማር፣ እሱም አይተኛም ነበር።»
ሦስተኛውን ስትዘግን ዝም አለች።
«ይኼስ የማን ነው?» አልኳት።
«ይኼማ ምርቃት ነው። ላንተም ልጅ ይነሳል፣
ሌሊት።»

ሲመሽ በአይሱዙ፣ ከጆንያ ላይ ወጣሁ አቀበቱን፤
ጭጋጉን አገኘሁት፣ የተውሁት ቦታ ላይ፣ ሳይነቃነቅ አንዲቱን።
«አታለሉህ?» አለች ገና በሩን ስከፍተው።
ሎሚውን ረስቻለሁ።
እጄን አሳየኋት፤ እስከ አንጓው ቢጫ ነው።