ያለ ድር፣ ያለ ማግ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሦስት ፈረቃ፣
እኔ ስተኛ ነው ኮምቦልቻ የሚነቃ።
የስንቱን ሰው ገላ ሳላየው ሸፈንኩት፣
በሜትር ለክቼ፣ ቆርጬ የላኩት፦
ላልጋው አንሶላውን፣ ለታማሚው ጋውን፣
ለሙት አቡጀዲ፣ ለዘበኛ ካኪውን።

ጡረታ ስወጣ
ሸለሙኝ አንድ ፎጣ።
ነጭ፣ ዳሩ ሰማያዊ፤ እኔው ሳልሸምነው አልቀረሁም።
«ምን ላድርገው?» ብዬ ሣጥን ውስጥ ቀበርኩት።

ዙሪያሽ የወንድሜ ልጅ፣ ደሴ ነው ሥራዋ፣
ፒያሳ ካለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ።
ስልክ ደወለችልኝ፣ በሳቅ ልትሞት ነው፦
«አክስቴ፣ ጉድ ስሚ! እነዚህ ፈረንጆች የጠየቁኝ ምን ነው?
ልብስ የሚወለቅበት፣ ማንም የማይቆጣ፣
ውሃ ያለው ስፍራ የት ነው አይሉም? በሐምሌ!
ጦሳ እንኳን ራሱ ጉም ደራርቦ ለብሶ ከቤቱ ሳይወጣ!»

ሳቅሁ እኔም። ስልኩን ዘግቼ ግን ቆምኩኝ።
ባልና ሚስት ናቸው፣ ሽበታም፤ ካርታ አላቸው አሉ፣
እንደ ተወለዱ የዋሉበት ደሴት፣ የዋሉበት ጫካ፣
በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል በሙሉ።
ሻንጣቸው ትንሽዬ።
(ምን ይያዝበታል?)

ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው
ይላል ያገሬ ሰው።
እኔ ግን ዕድሜዬን ለጥብቆው ጨረስኩት፣
የተወለደውን አንድ ቀን ሳላየው።

በማግስቱ ደሴ ወጣሁ፣ ፎጣዬን በፌስታል።
«ሀርቡ ፍል ውሃ አለ፤ ጠይቂያቸው፣ ይሄዳሉ?»
የዙሪያሽ ሳቅ ቆመ። «አንቺ? ከነሱ ጋር?»

ሐረጎን ስትወርድ መንገዱ ራሱ ልብስ ያስወልቃል፦
አንደኛው ኩርባ ላይ ካፖርት ይወልቃል፣
ቀጥሎ ሹራቡ፤ ቦርከና ሲታይ ሻሹም ይላላል፣
ኮምቦልቻ ስትገባ የሸሚዝ ቁልፍ ይከፈታል፣
ማንም ሳይገረም፣ ማንም ምንም ሳይል።
በፋብሪካው በር ስናልፍ
አንገቴን ደፋሁ። የከዳሁት መሰለኝ።

ሀርቡ ግንቡ ይከፍላል፤ ወንዱ ወዲያ፣ ሴቱ ወዲህ።
ባልየው ግራ ገባው፣ አብረው የሚገቡ መስሎት፤
ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።
ውስጡ እንፋሎት ነው፣ ድኝ ድኝ ይሸታል።
ባንዲት ሚስማር ላይ የሰአዳ ጅልባብ፣ የፈረንጇ ሱሪ፣ የኔ ነጠላ፤
ከዚያ ወዲያ ማን ከማን በምን ይለያል?
ከማተቤ በቀር ሁሉንም አወለቅሁ።

ምርመራ ክፍልም ሠርቻለሁና ዓይኔ እንከን ይለቅማል፦
የሰአዳ ሆድ መንታ አርግዞ ተተርትሯል፣
የባቲዋ ልጅ ጉልበት በቁርጥማት አብጧል፣
የፈረንጇ ግራ ጡት የለም፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣
የባለሙያ እጅ ነው።
የኔንም ሆድ አየሁት፣ በቀን ብርሃን፣ በስልሳ ዓመቴ፤
ያለ ድር ያለ ማግ የተሠራ፣ ዳር ዳሩ የተጨማደደ።
በፋብሪካው ሕግ ይሄ ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣
በኪሎ የሚሸጥ።
እዚህ ማኅተም የያዘ የለም።

እነሱ ለደስታ ባሕር ይሻገራሉ፤
እኛ ካልታመምን ገላችንን አናይም።

ሰአዳ በጣሳ ቀዳች፤
ምንም ሳትጠይቅ፣ ያን ስፌት አጠበችላት፣
«ቢስሚላህ፣ ያሽርሽ» ብላ።
ሴትየዋ ቋንቋው አልገባትም።
ዓይኗን ግን ጨፈነች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ስንመለስ ዳገቱ የወሰደውን አንድ ባንድ መለሰልን፣
ሻሽ፣ ሹራብ፣ ካፖርት።
ሴትየዋ ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሀርቡን ፈለገች፤ አልተጻፈም።
በጣቴ አሳየኋት። ባዶው ላይ ከበበች።

ዙሪያሽ በር ላይ ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እና... አወለቁ?»
«አወለቅን» አልኳት።
አፏን በእጇ ያዘች።

ፎጣዬን መስኮቱ ላይ አሰጣሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ፤
ሲነጋ እንደ ረጠበ ነው።
በሐምሌ ደሴ ላይ ደግሞ ምን ይደርቃል!