ቀን ቆረጡልኝ

ቀን ቆረጡልኝ፤ ሐሙስ በማለዳ፣
ምጥ በሬን ሳይመታ፣ ውሃውም ሳይቀዳ፤
እንደ መኪና ጎማ ቅያሬ ቀጠሮ
ስሜና ሰዓቱ ወረቀት ላይ ሰፍሮ።

ልጁ ተቀምጧል። ራሱን ሽቅብ አድርጎ፣
እግሩን አጣምሮ፣ ጎኔን ተደግፎ፣
እንደ ግትር ሽማግሌ።
ለመንኩት፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ፤
አባበልኩት፣ ከላይ በበረዶ አተር፣ ከታች በሙቅ ፎጣ፤
«እናንተው ኑ እንጂ» ያለ መሰለኝ፣ «እኔስ አልመጣ።»

እኔ ደግሞ ቢላ አውቃለሁ።
ብሩክስ፣ ከሥጋው ፋብሪካ፣ አራት ዓመት ቆሜያለሁ፣
በብረት ጓንት፣ በጎማ ቦቲ፣ በጆሮ መድፈኛ፣
ሰንሰለቱ ሳይተኛ፣ እኔም ሳልተኛ።
ሞረድ ሲነካው የስለቱን ዜማ፣
ቆዳ ሲላቀቅ ሹክ የሚለውን፣ ሳልሰማም እሰማ።
ሌላዋ እርጉዝ የማታውቀውን ትፈራለች፤
እኔን ያባነነኝ የማውቀው ነው።
ሻወር ውስጥ ቆሜ፣ ከእምብርቴ በታች፣ በጣቴ አሰምራለሁ፣
«እዚህ ጋ ይሆን?» እላለሁ፣
ደግሞ እጄን እንደ ሌባ እሰበስባለሁ።

ሆድ ደግሞ ሆድ ብቻ አይደለም፤
«ሆድ ይፍጀው» ያልኩት ሁሉ እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም፤
እህቴ ውዴነሽ የተናገረችኝ፣ ሁለት ዓመት ያቄምኩባት፣
በሦስት ወሯ ለሄደችው፣ ለይርዳው እንኳ ሳልነግር፣ ስም ያወጣሁላት።
ሲከፍቱት ምን ሊያዩ ነው? በዚያ ሁሉ መብራት?
ቀድሜ እኔው ልክፈተው ብዬ ለውዴነሽ ደወልኩላት።
«ሳታምጪ?» አለች መጀመሪያ። ዝም አልን።
«ታዲያ ‹ማርያም ማረችሽ› ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳት በፍራቻ፤
«ማርያም» አለችኝ፣ «የምታውቀው አንድ በር ነው እንዴ ብቻ?»
አለቀስን። ባትሪው አለቀ።

ማሪሴል፣ ከማሸጊያው ክፍል፣ የሁለት ልጆች እናት፣
ልብስ መቀየሪያው ጥግ ወስዳ አሳየችኝ የሷን ምልክት፤
ታጥፎ እንደተዘረጋ ደብዳቤ፣ አንድ ቀጭን መስመር።
«ብርድ ሲሆን ያሳክካል» አለች፤ ሌላ አልነበራትም የምትለኝ ነገር።

ሜዲስን ሃት ላይ ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ «ስለቱ ደህና ነው?»
ትስቃለች ስል አልሳቀችም። «ያንቺ አዲስ ነው፣
ላንቺ ተፈትቶ፣ ካንቺ በኋላ የሚጣል ነው።»
ሥራዬን ስነግራት አውራ ጣቴን ይዛ ጠባሳዬን አየች፤
እሷም የራሷን አሳየችኝ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ የቆረጠች።
የሚያደነዝዘው ሰውዬ ደግሞ፣ «ስለቱ አይሰማሽም፤ መጎተቱ ነው እንጂ፤
ቁልፍ የጠፋው ሰው ኪስሽን ሲበረብር አስቢ፤ አትበርግጊ።»

ረቡዕ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት። ነፋሱ ከሜዳው ተነስቶ መስኮቱን ይገፋል።
«የአራስ መቃብር አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል»፤
ማን ነበር ያለው? ስንቴ ሰምቼው ዛሬ ገና ገባኝ።
ይርዳውን ቀሰቀስኩት። «አይዞሽ» አላለኝም።
ሻንጣዬን ከበሩ ሥር አምጥቶ፣ አልጋው ላይ ዘርግፎ፣
ቆጠረልኝ፤ ሁለት ካልሲ፣ አንድ ቆብ፣ ነጠላ፣ የስልክ ገመድ ተጠቅልሎ።
«እንደገና» አልኩት።
እንደገና ቆጠረ።
በሦስተኛው፣ ካልሲው ጋ ሲደርስ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ይኸው ነጋ። ይርዳው ከተፈቀደው በታች ይነዳል።
ባዶው የልጅ ወንበር፣ ጉብታ በነካን ቁጥር፣ ከኋላችን ኳ ይላል።
የነዳጅ መሳቢያዎቹ በበረዶው መሃል ጎንበስ ቀና ይላሉ፤
አዎ፣ አዎ፣ አዎ የሚሉ ይመስላሉ።

ቁርጤን አውቄአለሁ።
አንተ ተቀመጥ፣ አትነሳ፤ ይመጡልሃል።
እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ይንቀጥቀጥ፣
ዛሬ ቢላ አልያዘም።