ሁለት አፍ

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ መሐል ሜዳ፤
ከጓሳ የሚወርድ ብርድ፣ የማያልቅ ዕዳ።
ጭቃው ባልተለሰነ አዳራሽ፣ ጣሪያው በሸነነ፣
የእኔ የመዘምራን ጉባኤ በሦስት ልጅ ተወሰነ።
ሠላሳ ሁለት ነበሩ ባለፈው ጥምቀት፤
አሁን አንዷ ለልምምድ፣ ሁለቱ ለሙቀት፣
ባና ተከናንበው፣ ግድግዳ ተጠግተው።

«ልጆቹ ምን ነካቸው?» ይላሉ መሪጌታ ዘርጋው፣
«ስልክ ነው የበላቸው፤ ማን ይሆን የሚያተጋው?»
እኔ ግን አውቃለሁ፤ ስልክ ብቻ አይደለም፣
ሰው አሥራ አራት ሲሞላው፣ ጉሮሮ ዘመድ የለም።

ልዑልሰገድ ነው ያስተማረኝ።
የአናጢው ልጅ፤ ቁመቱ በአንድ ክረምት ከበሩ የበለጠ፣
በትንሣኤ ዋዜማ፣ በሕዝብ ፊት፣ ድምፁ ተቆረጠ።
ከላይ ጀምሮ፣ እንደ ጥጃ ጮኸና ታች ወደቀ፤
መላው ረድፍ ሳቀ።
ነጭ ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልሎ በእህቱ ላከልኝ፤
ታጥቧል፣ ተተኩሷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ?

ስፈልገው ስፈልገው ባጃጅ ተራ አገኘሁት፤
ጆሮው ውስጥ ሽቦ፣ ዓይኑ መሬት ላይ።
ሰላም አልኩት። አልሰማም፤ ወይም ሰምቷል።
ግን ጣቶቹ፣
ጣቶቹ በባጃጁ ጎን ላይ፣
በቀኝ ከበድ፣ በግራ ቀለል፣
አንድ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ዝም፤ አንድ።
ሳያውቀው ይመታል። የማን ዘፈን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤
የልብ ምት ማን ደረሰው ተብሎ አይጠየቅም።

«ና» አልኩት። «አልዘምርም!» «ማን ዘምር አለህ?»
«ታዲያ?»
«የተበላሸ ነገር አለኝ። የአናጢ ልጅ አይደለህ?»

እውነቴን ነበር። የከበሮው ጠፍር ላልቷል፤
ቆዳው የክረምቱን እርጥበት ጠጥቷል፤
ሲመቱት እንደ እርጥብ ስልቻ ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም።
ልጁ ጠፍሩን ሳበ፣ እሳት ዳር አሞቀ፣ ጣቱን ላጠው፤
ሳይናገር ሠራ።
እኔም ሳልናገር ተቀመጥኩ።
(መምህርን ዝምታ ስንት ያስከፍለዋል!)

ሲጨርስ ሰፊውን መታው። ጠባቡን መታው።
«ለምንድን ነው አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን?» አለኝ፤
«ወፍራም» ሲል ድምፁ ገደል ገባ፣
«ቀጭን» ሲል ሽቅብ ዘለለ።
ሁለታችንም ሰማን። ጆሮው ቀላ።

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፦
ሰፊው የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣
ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር።
ተውሁት። ሸምድዶ ተፈትኖበታል፤ አሥር ከአሥር።
«ሁለት አፍ ነው ያለው» አልኩት፤ «በአንዱ ብቻ ከበሮ አይሆንም።
ደግሞ ‹ድምፁ ተሰበረ› ብሎ በከበሮ የሚስቅ የለም።»

በሳምንቱ በሩ ተከፈተ።
እሱ፤ ከኋላው ሁለት የባጃጅ ረዳት፣
ጫማ ይወለቅ አይወለቅ ግራ የገባቸው።
«ፈጠንክ» አለችው ሸዋረጋ፣ ከመጀመሪያው መዝሙር ሳንወጣ።
«አንቺ ዘገየሽ» አላት፣ በወፍራሙ አፉ።
ሳቁ። እሱም ሳቀ።
መሪጌታ በራፉ ላይ ቆሙና፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣
«ጸሎት አይሮጥም!» አሉ፣ ጋቢያቸውን ወርውረው።
ግን መቋሚያቸው (እኔ አየሁ፣ እሳቸው አላዩም)
ደፉን በምቱ ይነካ ነበር፤ አንድም አልሳተም።

ልዑልሰገድ አልዘመረም። እስካሁንም አይዘምርም።
እኔም አልጠየቅሁት፤ ገብስ ስለጎተቱት አያሸትም።
ግን ትናንት፣ «ሃሌ ሉያ» ስንል፣ በመጨረሻው ቤት፣
ራሱን ከበሮው ላይ ደፍቶ፣ ማንም እንዳያይበት፣
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።
በየትኛው አፉ እንደሆነ አልሰማሁም፤
የጓሳ ነፋስ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር፣
በቀኝ ከበድ፣
በግራ ቀለል።