ቁልፍ

ኅዳር ሲያልቅ በቫርደ፣ በሰሜን ደሴት፣
ፀሐይ ሳትሰናበት ትወጣለች ከቤት።
ሁለት ወር አትመጣም። እኩለ ቀን ላይ፣
ለአመል ታህል ብቻ ይቀላል ሰማይ።

ቶርዲስ ካልጋዋ ጫፍ ተቀምጣለች፣
ሹራቧን ደርባ ቁልፉን ታያለች።
ማየት መች ገደዳት፣ መቆለፍ ነው ጭንቁ፣
ተቆልፈው ያደሩ ጣቶች እስኪለቁ።
ሙቅ ውሃ ነክራቸው ሰዓት ተኩል ሙሉ፣
እንደ በረዶ ዓሣ፣ ቀስ ብለው ይላላሉ።

እኔ ባሏ ኦድቫር፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
ጡረታ ብወጣም መፍቻ ያልለቀቀኝ፣
"ልቆልፍልሽ" ብላት ዝም ብላ አየችኝ፣
በአርባ ዓመት ትዳሬ እንግዳ አደረገችኝ።
ቆይታ፣ ቆይታ፦
"የላይኛውን ብቻ።"

እነዚህ ጣቶች ናቸው ሠላሳ አንድ ዓመት፣
የኮድ ዓሣ ሆድ ቀደው ቢላ ያበለጡት።
ሥጋው ወደ ሳጥን፣ አጥንቱ ወደ ጣሳ፣
ጉበቱ በቱቦ፣ ለባሕር ወፍ ምሳ።
አንድ ክረምት ላይ ግን አንጓዋ ተቆጣ፣
እብጠቱ ከቀኙ ወደ ግራው መጣ።
የጋብቻ ቀለበቷን በራሴ መጋዝ፣
ስቆርጠው አላነባችም፤ "ቀስ" አለች፣ "ደህና ያዝ።"

ዶክተር ታርሺኒ፣ የታሚል ሰው ልጅ፣
እናቷ የቶርዲስ የፋብሪካ ወዳጅ፣
"ዘበኛሽ ነው" አለቻት፣ "ያበደው ዘበኛ፣
የገዛ ቤቱን በር የሚመታ እንደ ቀማኛ።"
ቀጥላም የደሙን ወረቀት ገለጠች፣
"ቫይታሚን ዲሽ" አለች፣ "መሬት ነክቷል" አለች።

"ቁልፉ ይኼው!" አልኩኝ ብድግ ብዬ እኔ፣
ሞተር ያገኘሁ መስሎኝ በለመደው ዓይኔ፦
ዘይቱ ጎድሎ ነው። ይሞላል። ይነሣል።
"ኦድቫር፣" አለች ሴትዮዋ፣ "ሰው ይወሳሰባል።

የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለባቸው ብዙዎች
ደማቸው ውስጥ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን።
ዝቅ ያለባቸው ደግሞ ሕመሙ ሲጠናባቸው አይተናል።
ግን የትኛው የትኛውን እንደጎተተ ማን ያውቃል፤
ፀሐይ አጥታ ነው የታመመችው፣
ወይስ ታማ ከቤት ስትውል ነው ፀሐይ ያጣችው?
እንሰጣታለን፤ ለአጥንቷ ይበጃል።
መርፌዋን ግን እንዳታቋርጥ።"

ሞተር እንዲህ ብሎ አይመልስም።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው አንድ ማንኪያ የጉበት ዘይት።
የመጀመሪያዋን ቀን ስትውጥ ፊቷ ተጨማደደ፣
ከዚያ በሳቅ ፈነዳች፦
"እኔ ሴትዮ ሠላሳ አንድ ዓመት
ፀሐይ በቱቦ ስደፋ ኖርኩ በለኛ!
ወፎቹንስ አየሃቸው? አንዱ እንኳ አያነክስም።"

ጥር ገባ። ከምሽጉ መድፉ ተተኮሰ፣
የፀሐይ ሙሉ ፊት በባሕር ደረሰ፤
ልጆች ከትምህርት ቤት እየጮኹ ወጡ፣
ጣፋጭ ዳቦ በእጃቸው፣ በረዶ እየረገጡ።
ታርሺኒ ነግራናለች፤ ይህች የጥር ፀሐይ፣
ቆዳ ላይ አትሠራም፣ ገና እስከ ፀደይ።
ቶርዲስ ግን እንዳልሰማ፣ ቆማ ከበሩ ጋ፣
ጣቷን እያባበለች ለቁልፉ ፍለጋ፣
ከታች አንዱን ያዘች፤ ገባ። ሁለተኛውም።
ሦስተኛው ላይ ቆመች። እኔም አልደፈርኩም።
ዘይቱ ይሁን፣ መርፌው፣ ወይስ መድፉ፣ ማን አየ?
ወይስ ሕመሙ ራሱ ለዛሬ ዘገየ?

ውጭ ወጥታ እጆቿን ለብርሃኑ ዘረጋች፤
ጣቶቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘመሙ፣
ነፋስ እንዳጋደላቸው ጀልባዎች።
አራት ደቂቃ ያህል።
ከዚያ፦ "ብርድ ነው፣ ኦድቫር፤
የላይኛውን ቆልፍና እንግባ።"