ከጣሪያዬ በላይ ያለው ውሃ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የጠጠር ነው፤
አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሌሊት፣ በባልዲ ሲያጥበው።
"ሁለት መቶ ሊትር" አለኝ ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣
"ወለሉን ለክቻለሁ፣ ድራሆሚራ፣ እመኚኝ።"
ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ጣሪያ በግንድ ያቆመ ሰው
ክብደት አይስትም ብዬ ዝም አልኩ፤ እንቅልፌ ግን አላመነው።

የካርቪና የመጨረሻ ጉድጓድ በተከደነ በዓመቱ ነበር፤
ከሰሉ እንደ ንቅሳት ግንባሩ ላይ ቀርቶ፣ ቦሁሚር
ሌላ ጨለማ ፍለጋ ይሁን ሌላ ብርሃን፣ እንጃ፣
ጥቁር አፈር አነጠፈ፤ ተከለ በወረንጦ ሙጃ፤
አንድ በአንድ፣ እንደ ቅንድብ።

ስድስት ሳምንት ዓሣ የለም፤ ውሃ ብቻ፣ መብራት ብቻ።
"ባክቴሪያ ነው የምጠብቀው" አለ፣ "የለውም መጎትጎቻ።"
ውሃው ነጣ፣ ሸተተ፤ መስታወቱን አልጌ ለበሰው።
ሳቅሁበት። እሱ እንደ ታማሚ ጉንጭ በምላጭ ላጨና አበሰው።

ያጣላን ግን ሲሊንደሩ ነው፣
ግራጫ፣ ልጅ የሚያህል፣ ከገንዳው ጎን የቆመው።
"ምን አለበት?"
"ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ተክሎቹ ይበሉታል።"
ሳልሰናበተው ወረድኩ።

ሊቦርን የገደለው ያው ነው። እሳት አይደለም፣ ድንጋይ አይደለም፤
በአሮጌው ዋሻ ወለል የተኛ አየር፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ድምፅ የለውም።
መጀመሪያ ፋኖሱ ጎበጠ፣ ጠበበ፣ ጠፋ፤
ቀጥሎ ባሌ፣ ተቀምጦ፣ እንደ ደከመው፣ እንዳንቀላፋ።
ቦሁሚር ነበር በጀርባው ተሸክሞ ያወጣልኝ፤
ይህን እያወቀ ያንን አየር ከራሴ በላይ ሊያሳድርብኝ!

ሁለት ዓመት ዘጋሁት።
ሊፍት ውስጥ የፎቁን ቁጥር እያየን ወጣን፣ ወረድን።

ኅዳር ላይ ሳንባው ከዳው። አምቡላንሱ በሩን ሳይዘጋ፣
አፉ ላይ ጭምብል እንዳለ፣ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋ።

ገንዳው ላይ ወረቀት ነበር፣ በእርሳስ፦
"ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሶውን ቅጂ፤ አዲሱ ይደር ክሎሪኑ እስኪወጣ።
ለብ ይበል። የበሰበሰ ቅጠል ቁረጪ። አትንኪብኝ ያችን ቀንድ አውጣ።
ለዓሦቹ ቁንጥጫ ብቻ፤ ራብ ሳይሆን ጥጋብ ነው የሚገድላቸው።
ጠዋት ሲሊንደሩን ክፈቺ። በሰከንድ አንድ አረፋ። ቁጠሪያቸው።"
ከታች አንድ ቃል ጽፎ ሰርዞታል።
መብራት ላይ አንስቼ አየሁት፤ አልተነበበኝም።

ሦስት ቀን መክፈቻውን አልነካሁም። በአራተኛው ቀዩ ተክል ጠወለገ፤
እጄ ሄደ፤ እኔ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ነው የፈለገ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። ከታች እንደ ዶቃ እየተፈተለ፣
ሊቦርን ያስቀመጠው ያ አየር አሁን ወደ ላይ ኮበለለ።
መስኮቱን በርግጄ ቆምኩ፤ ብርዱ ገባ ከነጭሱ።
ቆጠርኩ። ዓሦቹ፣ ትንንሾቹ፣ በመሃሉ ይመላለሱ።

እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቹ አላባቸው። የብር ጠብታ፣
ከየጫፉ እየተላቀቀ፣ ሽቅብ፣ በዝግታ።
ወረቀቱን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ላይም ጽፎ ነበር ለካ፦
"ቅጠሉ ላይ አረፋ ካየሽ ኦክስጅን ነው፤ ምንም አትንኪ፣ በቃ።"
ፊቴን ከመስታወቱ አስጠግቼ ቆየሁ።
እዚያ ምን እንዳልኩ ለማንም አልናገርም።

በጥር መጣ፣ ግማሹ ቀርቶ። ኮቱን ሳያወልቅ ፊቱ ተቀመጠ፤
አፍንጫው ከመስታወቱ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አፈጠጠ።
"ዓሦቹን አወፈርሻቸው" አለ።
ከዚያ፣ "ወረንጦዬ የት ነው?"

ባልዲውን አነሳሁ። ቅዳሜ ነበር። ሌላ አልተባባልንም፤
ቁልፉን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልመለስኩም።